የሐምሌ ፀሐይ በእትዬ ሀብትነሽ ግቢ

ነጋሲ ጠዋት ከቤት ሲወጣ፣ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከከተተ በኋላ፣ ቀኝ እጁን ወደ ግድግዳው ይዘረጋል። ጣቶቹን ከፈት አድርጎ ኖራው ላይ ያረፈውን ጥላቸውን ያያል። የጥላው ጠርዝ እንደ ምላጭ ስል ከሆነ ሰማዩ ጠርቷል ማለት ነው፤ ዳር ዳሩ ከደበዘዘ ስስ ደመና አለ፤ ጭራሽ ጥላ ከሌለ እጁን ሰብስቦ መንገዱን ይቀጥላል። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ሰሞን ጸሎት መስሏቸው ዝም አሉ። በኋላ አንዷ አላስችል ብሏት ጠየቀችው።

«ሥራዬ ነው» አላት።

«ግድግዳ ሰላም ማለትም ሥራ ሆነ? ወይ አዲስ አበባ!»

ሥራው ግን እውነትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ነጋሲ ገና ያልተሠሩ ፎቆች ውስጥ መብራት የሚያበራ ሰው ነው። አርክቴክቶች ንድፋቸውን ያመጣሉ፤ የቢሮው ልጆች ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ ደረጃውን በኮምፒዩተር ይገነባሉ፤ ከዚያ ለእሱ ያስረክቡታል። የሚረከበው ጨለማ ነው። በስሪዲ፣ በኮምፒዩተር ብቻ የተሠራ ሕንፃ ፀሐይ ካላወጡለት ፀሐይ የለውም፣ አምፖል ካልሰቀሉለት አምፖል የለውም፤ ሰማይ እንኳ የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል። ነጋሲ ፀሐይዋን ያስቀምጣታል፤ ከዚያም ያንቀሳቅሳታል። እዚህ ላይ ትውጣ፣ እዚህ ላይ ትጠንክር፣ እዚህ ላይ ትቅላ እያለ ሕንፃው በሚታይበት ፊልም ርዝመት ላይ ምልክት ይተክላል፤ በምልክትና በምልክት መካከል ያለውን ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሞላዋል። ሲመሽ ደግሞ የመስኮቶቹ ተራ ነው። ሌሎች ባለሙያዎች መስኮቱን ሁሉ ባንዴ ያበሩታል፤ ጠፍቶ የመጣ መብራት ይመስላል። የነጋሲ መስኮቶች ግን አንድ በአንድ ነው የሚነቁት። ላይኛው ፎቅ ላይ አንዷ ትበራለች፤ ቆየት ብሎ ከታች ሌላዋ፤ አንዷን ጨርሶ አያበራትም።

«ሰውየው ገና ከሥራ አልገባም» ይላል፣ ለምን ብሎ ለሚጠይቀው።

ይህን ሁሉ ከየት ተማርከው ሲሉት «ከሲዲ» ብሎ ይመልሳል። ይህ ግማሹ እውነት ነው። እጅ ለእጅ እየተቀዳ የሚዞር የፈረንጅ ትምህርት ነበር፤ ድምፁ ተቆራርጦ፣ ምስሉ ተንቀጥቅጦ፣ ነጋሲ ያንን ደጋግሞ አይቷል። ሌላው ግማሽ ግን ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከእናቱ ቤት አጥር አልፎ፣ እትዬ ሀብትነሽ ግቢ ነው የቀረው።

እትዬ ሀብትነሽ ለሠፈሩ ፔንሲዮኖች አንሶላ የሚያጥቡ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን አሳድገው የዳሩት በሳሙናና በበረኪና ነው። የነጋሲ እናት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለነበረች፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚውለው እሳቸው ዘንድ ነበር። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ገመድ ነው፤ ገመዱ ሁሉ አንሶላ ነው። አንሶላ ነጭ ነው የሚል ሰው አንሶላ አይቶ አያውቅም። ጠዋት የተሰጣ አንሶላ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ረፋዱ ላይ ዐይን ይወጋል፤ ማምሻውን ቅቤ ይመስላል። ሰው ከጀርባው ሲያልፍ ጥላው ጨርቁ ላይ ያድጋል፣ ይቀጥናል፣ ይጠፋል። ነጋሲ በአንሶላዎቹ መካከል መንገድ እየፈለገ ሲሮጥ፣ እትዬ ሀብትነሽ ከሳፋቸው ቀና ሳይሉ ይጮሁበት ነበር።

«እጅህን! በእጅህ እንዳትነካው! ከፈለግህ በአፍንጫህ ንካው!»

ክረምት ሲገባ ጨዋታው ይቀራል። የሐምሌ ፀሐይ ጠዋት ብልጭ ካለች ብርቅ ናት፤ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ይዘጋል። እትዬ ሀብትነሽ ያቺን ብልጭታ ለመያዝ ሠፈሩ ሳይነቃ ያጥባሉ። ደመናው በእንጦጦ በኩል ሲጠቁር ያየ ሁሉ «ሀብትነሽ! መጣልሽ!» ብሎ ይጮሃል፤ ያን ጊዜ በመንገድ የሚያልፈውም፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠውም እየተሯሯጠ ገብቶ አንሶላ ያነሣል። ማንም አይጠራቸውም፤ እትዬ ሀብትነሽም ማንንም አያመሰግኑም። የሠፈሩ ወግ ነበር።

ሚሌኒየሙ በተከበረ ማግስት ካዛንቺስ መፍረስና መሠራት በዛባት። ነጋሲም ሥራ ያዘ። ያስያዘው ሙክታር ነው፤ አብሮ አደጉ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛው። የሙክታር አባት ሜክሲኮ አካባቢ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ነበራቸው፤ ልጁ ግን «ቧንቧ ከመሸጥ ቧንቧ የሌለው ፎቅ መሸጥ ይሻላል» ብሎ እዚያው ካዛንቺስ አንዲት ክፍል ተከራየና ኮምፒዩተር ደረደረ። ባለሀብቶች ፎቃቸውን ከመሥራታቸው በፊት በፊልም ማየት ወደዱ። የነጋሲ ብርሃን ስም አወጣ። እናቱ ለሰው ስታስተዋውቀው «ልጄ ኮምፒዩተር ነው» ትል ነበር፤ ሙክታርም ይህን ሰምቶ ለወራት «አቶ ኮምፒዩተር» ሲል ከረመ።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ከእትዬ ሀብትነሽ ግቢ በሰሜን በኩል፣ አጥር ለአጥር የሚዋሰነው አሮጌ ቪላ ተሸጠ። የገዛው ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁመታም ፎቅ ሊገነባበት መሆኑ ተሰማ። ፊልሙን እንዲሠሩለት የተዋዋለው ከነሙክታር ጋር ነው። ጎረቤቱ ሲያጉረመርም ቀበሌው በመሐል ገባና ለእትዬ ሀብትነሽ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ወደ ቄራ በኩል ሰፊ ግቢ ያለው የቀበሌ ቤት ተለቅቋል፤ ፎቁ የሚከልልዎት ከሆነ ይቀይሩ፤ እስከ ሰኞ ይወስኑ፤ ካልሆነ ለሌላ ይሰጣል ተባሉ።

እትዬ ሀብትነሽ ነጋሲን ከመንገድ ጠርተው አስገቡት። አዚዛም ነበረች። አዚዛ በር ላይ ጎመንና ቲማቲም የምትሸጥ ጎረቤታቸው ናት፤ ምላሷ ከሚዛኗ ይቀድማል።

«ና እስቲ አንተ ልጅ። ቄራ ሂጂ ይሉኛል። ደንበኞቼ እዚህ፣ ዕድሬ እዚህ፣ ቤተ ክርስቲያኔ እዚህ። ፀሐዬ ካለች የትም አልሄድም። ከሌለች ደግሞ ዛሬውኑ ጓዜን እጠቀልላለሁ። አንተ እወቅልኝ እንጂ እነሱ የሚሉትን አልሰማም።»

«እሱ ምኑን ያውቀዋል?» አለች አዚዛ። «ፀሐይ የሚያወጣው እሱ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ እሱ ነው! በኮምፒዩተር ያወጣታል።»

«እንግዲያው ለሐምሌ ትርፍ አውጣልንና እናስቀምጣት።»

«እሱኑ'ኮ ነው የምለው» አሉ እትዬ ሀብትነሽ፣ የሳሙና አረፋ የያዘ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ። «በጋውንማ ተወው፤ በበጋ ጥላ ውስጥም ይደርቃል። የሐምሌዋን እይልኝ፣ ነጋሲዬ።»

«ኧረ አይዞዎት! አየዋለሁ» አለ ነጋሲ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ነገር ተጠይቆ አያውቅም ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ ፀሐይን የሚያስቀምጣት በዐይኑ ግምት ነበር፤ ፎቁ አምሮ የሚታይበትን ማዕዘን ፈልጎ እዚያ ይሰቅላታል። ለእትዬ ሀብትነሽ ግን ያማረችውን ሳይሆን እውነተኛዋን ፀሐይ ፈለገ። ፕሮግራሙ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቦታ አለ፤ ከተማውን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሲነግሩት ፀሐይዋ ራሷ መቆሚያዋን ታገኛለች። ነጋሲ ግቢውን ሄዶ ለካ። አጥሩን፣ ቧንቧውን፣ ገመዶቹን፣ ገመዶቹ ላይ አንሶላዎቹን ሠራ። ከከተሞቹ ዝርዝር አዲስ አበባን መረጠ። ሰዓቱ ላይ ተጠነቀቀ፤ የፈረንጅ ሰዓት ከእኛ በስድስት እንደሚለይ ማን ይረሳል? ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የሚለውን ዘጠኝ ብሎ አስገባ። ወሩ ላይ ፕሮግራሙ ቁጥር ጠየቀው። ነጋሲ በልቡ ከመስከረም ቆጠረ፤ ሐምሌ አሥራ አንደኛ ነው። 11 ብሎ ጻፈ።

ፀሐይዋ ወጣች። የፎቁ ጥላ ወደ ሰሜን፣ ወደ ማዶ ወደቀ። ግቢው ከጠዋት እስከ ማታ በብርሃን ተሞላ። የሚወዱትን መልስ ማን ይመረምራል? ነጋሲ ከመደሰቱ የተነሣ ማንም ያላዘዘውን ጨመረበት፤ አንሶላዎቹ በነፋስ እንዲወዛወዙ አደረገ፤ ብርሃኑ በስሱ ጨርቅ ውስጥ እንዲያልፍ አደረገ፤ ረፋዱ ላይ ዐይን እንዲወጋ፣ ማምሻው ላይ ቅቤ እንዲመስል አደረገ።

ረቡዕ ዕለት ጎረቤቱ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ። ባለፎቁ ፕሮጀክተር አስመጥቷል፤ ምስሉ የሚያርፍበት ነገር ግን አልነበረም፤ የአዳራሹ ግድግዳ አረንጓዴ ነው። እትዬ ሀብትነሽ ወጣ ብለው ከቤታቸው የተተኮሰ አንሶላ ይዘው መጡና በሚስማር ተሰቀለ። በራሳቸው አንሶላ ላይ የራሳቸው ግቢ ታየ። ፀሐይ ወጣች፤ ዞረች፤ አንሶላዎቹ ተወዛወዙ።

«ኧረ በአላህ! እነዚህ ከእውነተኞቹ ይነጣሉ'ኮ!» ብላ አዚዛ ከኋላ ጮኸች። «በምን በረኪና ነው ያጠብካቸው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለፎቁም «ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ አጨበጨበ። እትዬ ሀብትነሽ ግን አልሳቁም። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ሰው መሐል እያቋረጡ ሄደው፣ የነጋሲን ግንባር ሳሙት።

«በቃ የትም አልሄድም። ልጄ አይቶልኛል» አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ነጋሲ ሌላ ሥራ ጀመረ። ውጭ አገር የሚኖር አርክቴክት ስታዲየም አካባቢ ለሚሠራ ሆቴል ፊልም አዝዟል፤ ፀሐይዋ የዲሴምበር ትሁንልኝ ብሏል። ነጋሲ አዲስ የለመደውን ዘዴ ተጠቅሞ ሲጨርስ ሙክታር ሻይውን ይዞ ከጀርባው ቆመ።

«ነጌ፣ ይሄ ጥላ ለምን እንዲህ ዞረ? ሰውየው ዲሴምበር አላለም?»

«ዲሴምበር ነው ያደረግኩት። ማለቴ፣ ታኅሣሥ።»

«አራት ነው'ኮ የጻፍከው።»

«ታኅሣሥ አራተኛ ወር አይደል እንዴ?»

ሙክታር አፍጥጦ አየው። ከዚያ ሻዩ እስኪደፋ ሳቀ።

«ወላሂ ገደልከኝ! ኮምፒዩተሩ እንቁጣጣሽ ያከብራል እንዴ? አበባየሆሽ ዘፍነህለታል? ለሱ መስከረም ዘጠነኛ ነው'ኮ፣ ጀለስ! አራትማ ኤፕሪል ነው!»

የቢሮው ልጆችም ሳቁ። ነጋሲ አብሯቸው ሊስቅ ከንፈሩን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ዞሮ የእትዬ ሀብትነሽን ግቢ በኮምፒዩተሩ ከፈተ። ወሩ ላይ ያለውን 11 አየው። ኖቬምበር። ኅዳር። ደመና የሌለበት፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ የምታዘነብልበት፣ አንሶላ በጥላም ቢሰጣ የሚደርቅበት ወር። አጠፋውና 7 ብሎ ጻፈ።

ፀሐይዋ ዘለለች። ከፎቁ ፊት ለፊት ተነሥታ ከፎቁ ጀርባ ሄደች። ጥላው ወደ ደቡብ ተገለበጠና አጥሩን አልፎ በመጀመሪያው ገመድ ላይ ወጣ፤ ከዚያ በሁለተኛው። ነጋሲ ሰዓቱን ወደ ረፋድ ገፋው። ጥላው አጠረ እንጂ አልሄደም። ወደ ቀትር ገፋው። አልሄደም። ወደ ማታ ገፋው። እንደገና ረዘመ። ያማሩት አንሶላዎች ግራጫ ሆነው ይወዛወዛሉ። ወደ ጁን መለሰው፤ ያው ነው። ወደ ኦገስት ወሰደው፤ ክረምቱ እስኪያልቅ ያው ነው። ፈረንጆቹ በሲዲው ላይ በሰሜን ያለ ቤት አይከልልም ያሉት ለራሳቸው አገር ኖሯል። በእኛ አገር ፀሐይ ክረምቱን በሰሜን በኩል ነው የምታሳልፈው። ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከዚያች ፀሐይ በታች የሮጠ ሰው ይህን ማየት ነበረበት፤ ነጋሲን ያቃጠለው ይህ ነው።

ሙክታር ሳቁን አቆመ። ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ።

«የእትዬ ሀብትነሽ ነው?»

ነጋሲ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲህ ምን ችግር አለው? ሰኞ ገና ነው። ሂድና ንገራቸው፣ በቃ። ‹ተሳስቻለሁ፣ ቄራ ይሂዱ› በላቸው።»

«አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነው'ኮ ያሳየሁት።»

«እና?»

«ባለሙያ ብለውኝ…»

«አንተ ደሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነህ እንዴ? የተሳሳትከው ወር ነው፤ ሰው አልገደልክም። ከፈለግህ እኔም አብሬህ ልሂድ።»

«ብቻዬን እሄዳለሁ» አለ ነጋሲ።

ዓርብ ሄደ። በመንገድ ላይ ቃሉን ሲያሰናዳ ነበር። «እትዬ፣ ወሩን ተሳስቼ ነው» ቢል ይበቃል፤ አጭር ነው። ግቢው በር ላይ ሲደርስ ግን ከውስጥ የብዙ ሴቶች ድምፅ ሰማ። የዕድር ሰዎች መጥተዋል። እትዬ ሀብትነሽ ሲያዩት ብድግ አሉ።

«ይኸው መጣ! ይኸው የኔ ፀሐይ አውጪ! ያ ያልኳችሁ ልጅ ይሄ ነው፤ እዚህ ገመድ ሥር ነው ያደገው።»

ሴቶቹ አገላብጠው ሳሙት። አንዷ የእሷንም ግቢ እንዲያይላት ለመነችው፤ ሌላዋ «ተባረክ፣ የሰው ልጅ ለጎረቤቱ እንዲህ ነው» አለችው። እትዬ ሀብትነሽ ዝምታውን ረኃብ መስሏቸው ዳቦ ቆርሰው በእጁ አስያዙት። ዳቦውን ቆሞ በላ። ሰዎቹ ሲሄዱ እነግራቸዋለሁ ብሎ ጠበቀ፤ ሰዎቹ አልሄዱም። ነገ ብሎ ወጣ። ቅዳሜ እናቱን ወደ ገበያ ልሸኝ አለ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው አለ። ሰኞ ጠዋት ከቤቱ መስኮት ሆኖ እትዬ ሀብትነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቀበሌው ሲወርዱ አያቸው። ሮጦ ቢወጣ ይደርስባቸው ነበር። ከመስኮቱ ዞር አለ።

የቄራው ቤት በዚያው ሳምንት ለሌላ ሰው ተሰጠ።

«ነገርካቸው?» አለው ሙክታር።

«ነገርኳቸው። ግድ የለም፣ አልሄድም አሉ።»

ሙክታር አመነው። ሰው ጓደኛውን ያምናል።

ፎቁ እየተነሣ ሄደ። መጀመሪያ ጉድጓድ ነበር፤ ከዚያ የባሕር ዛፍ እንጨት ጫካ ሆነ፤ ከዚያ ግንብ። ነጋሲ በየጠዋቱ ሲያልፍ አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ክረምት ሲባል ድሮም ደመና ነው፣ ምን ልዩነት ያመጣል ብሎ ራሱን ያጽናናል። ክረምቱ መጣ። ጠዋት ያቺ ብርቅ ፀሐይ ብልጭ ስትል ሠፈሩ ሁሉ በርቶ የእትዬ ሀብትነሽ ግቢ ብቻ ጥላ ውስጥ ይቀራል፤ በር ላይ ሲቆሙ የጥላው መስመር ይታያል። አንሶላው ተሰጥቶ ውሎ እንደረጠበ ይገባል። በከሰል ካውያ ሊያደርቁት ታገሉ፤ ጨርቁ ላይ እንፋሎት ይነሣል እንጂ እርጥበቱ አይወጣም። አንሶላቸው ይሸት ጀመር። በመጀመሪያ አንድ ፔንሲዮን ይቅርታ ጠይቆ ማጠቢያ ማሽን ገዛ፤ ሌሎቹ ይቅርታም አልጠየቁም። በበጋ ወደ እሳቸው ሊመለሱ ይችሉ ነበር፤ ማሽን የገዛ ሰው ግን አይመለስም። ደመናው ሲጠቁር «ሀብትነሽ፣ መጣልሽ!» የሚል ሰውም ቀረ፤ የሚነሣ አንሶላ የለም።

በዚያው ዓመት ነጋሲ ወደ ሜክሲኮ በኩል ቤት ተከራየ። ለሥራ ይቀርበኛል አለ፤ አይቀርበውም። ወሬው ግን በእናቱ በኩል ይደርሰው ነበር። ሀብትነሽ ጉልበቷን አመማት፤ ሀብትነሽ ለሰው ካልሲና የሕፃን ልብስ ታጥባለች፤ ሀብትነሽ ስላንተ ጠይቃለች፤ ለምን ጠፋ አለች። የእሱ ሥራ ደግሞ እየተሻለ ሄደ። ትላልቅ ፎቆች መጡለት፤ መስኮቶቹ አንድ በአንድ እየነቁ ሰው ያስደንቃሉ። ወር የሚያስገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን እስከ ዛሬ እጁ ይቆማል። በእጁ ጣት ከጃንዋሪ ጀምሮ ይቆጥራል፣ እንደ ተማሪ፤ አጠገቡ ሰው ካለ እስኪሄድ ይጠብቃል።

ብዙ ክረምት አለፈ። በሁለት ሺህ አሥር ሐምሌ፣ ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት አንድ ጠዋት፣ ነጋሲ ከሥራ ቀርቶ ወደ ካዛንቺስ ሄደ። ዛሬ ልናገር ብሎ ነው የወጣው። ታክሲ አልያዘም፤ በእግሩ እየሄደ ያንኑ የድሮ ቃል አሰናዳ። «እትዬ፣ ወሩን ተሳስቼ ነው። አውቄም ዝም ብያለሁ።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ተለማመደ። መንገዱ በፀሐይ ይነድ ነበር። የግቢውን በር አልፎ አንድ እርምጃ ሲገባ ግን ጓዳ የገባ ያህል ብርድ ያዘው። ድንጋዩ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። ገመዶቹ ተጠቅልለው ሚስማር ላይ ተሰቅለዋል፤ በቀረችው አንዲት ገመድ ላይ አንድ ፎጣ ተንጠልጥሏል።

አዚዛ ጎመኗን ወደ ውስጥ አስገብታ ጥላው ሥር ትሸጣለች።

«እንዴ! አቶ ጠፊው! ከየት ተገኘህ? እይ፣ ለኔ ጎመን ተመችቶኛል፤ አይጠወልግም። አላህ ለአንዱ ሲነሳ ለአንዱ ይሰጣል።»

እትዬ ሀብትነሽ ከቤት ወጡ። አጥረዋል። ግን ሲያዩት ፊታቸው እንደ ድሮው ነው የሆነው። አንገቱን አቅፈው ሳሙት፣ እናቱን ጠየቁ፣ አግብቶ እንደሆነ ጠየቁ፣ በርጩማ አምጥተው አስቀመጡት፤ ራሳቸውም ሌላ በርጩማ ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ነጋሲ በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ» አለ። «አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

እስከዚህ ያለው ሁሉ ይጻፍ ብሏል ነጋሲ፣ ታሪኩን ሲነግረኝ። ስሙም ይጻፍ፣ የ11 ነገርም ይጻፍ፣ ሰኞ ጠዋት ከመስኮት ዞር ማለቱም ይጻፍ፤ ይገባኛል ብሏል። የሚቀጥለው ብቻ እንዲቀርለት ለመነ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ» አሉ እትዬ ሀብትነሽ። «ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ያኔ በአንሶላዬ ላይ ያሳየኸኝ ፎቅ፣ ይሄ አይደለም አይደል?»

«እ?»

«ሰው ይለኛል። ያ ልጅ ከባለፎቁ ጋር ሆኖ አታለለሽ ይሉኛል። እኔ ደግሞ እላቸዋለሁ፤ ነጋሲን እኔ ነኝ ያሳደግኩት፤ እሱ ያሳየኝ ሌላ፣ እነሱ የሠሩት ሌላ። ከተስማማነው በላይ ቀጥለውበታል። እንደሱ ነው አይደል?»

የሚያዩት ዐይን ለዐይን ነው። እንደሱ ነው እንዲላቸው የፈለጉት ለራሳቸው አልነበረም፤ ለእሱ ነበር። ነጋሲ የተሰናዳውን ቃል ምላሱ ላይ አገኘው፤ ሙሉው ነበር። ከዚያ የእትዬ ሀብትነሽን እጅ አየ፤ በረኪና የላጠውን፣ አሁን ሥራ ፈትቶ ጭናቸው ላይ የተቀመጠውን እጅ።

«ቀጥለውበት ይሆናል» አለ።

«አላልኩሽም አዚዛ! ሰማሽ? ለሰው ሁሉ ንገሪልኝ፤ የልጄ ስም ይጥራ!» አሉ። ከበርጩማቸው ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በፎቁ ግድግዳና በቤታቸው ጣራ መካከል ወደ ቀረችው ቁራጭ ሰማይ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሲራገሙ ያያቸው ሰው የለም።

«ፀሐዬን የወሰደብኝን ሰው፣ ፀሐይ አይውጣለት!»

«አሚን» አለች አዚዛ።

ሁለቱም ወደ ነጋሲ ዞሩ። ርግማን ሲወርድ ዝም የሚል ሰው፣ የበደለው እሱ ነው ይባላል።

«አሜን» አለ።